የድንበር ጭቅጭቅ ካለባችሁ እኚህን ቀያሽ ጥሯቸው

ሰላም ሁላችሁም። ይህን ስጽፍ ማንም ከፍሎኝ አይደለም። ሰውየውም መጻፌን አያውቁም፤ ቢያውቁ "ተው ልጄ" የሚሉ ይመስለኛል። ግን ሳላመሰግን ባልፍ ያንቀኛል። ከጎረቤቴ ጋር እንደገና ሰላም እንድንባባል ያደረጉን አንድ የመሬት ቀያሽ ናቸው። አዎ፣ ቀያሽ።

ነገሩ የተነሳው በካምፐር ነው። ከመኪና ኋላ የምትጎተት፣ አልጋና ማብሰያ ያላት ተጎታች ቤት። ስንመኛት ኖረን ነው የገዛናት፣ ልጆቹ ገና ሳትመጣ ማን የትኛው አልጋ ላይ እንደሚተኛ ተጣልተው ጨርሰዋል። ያቆምናት በቤቱ ጎን፣ ከጎረቤት አጥር አጠገብ ነው። ሌላ ቦታ የለንም። ከቤቱ ፊት ለፊት ማቆም በአካባቢያችን ደንብ የተከለከለ ነው፣ ጓሮ እንዳናስገባት ደግሞ መተላለፊያው ይጠባል።

ጎረቤቴ መጀመሪያ ምንም አላለችም። ቀጥሎ ሰላምታዋ ቀነሰ። አንድ ቀን "ካምፐርህ ድንበሬን ገፍቷል" አለችኝ። አልገፋም አልኩ። ገፍቷል አለች። ቁልፍ የምንሰጣጥ ሰዎች ቆሻሻ ልናወጣ ስንገናኝ ፊታችንን ማዞር ጀመርን። ባለቤቴ "ሽጣትና እንረፍ" እስከማለት ደረሰች። ልጆቻችንም ማንም ሳይከለክላቸው አብረው መጫወት ተዉ። እኔን ከሁሉም በላይ ያመመኝ ይሄ ነው።

አሁን ከእሳቸው በፊት ያየሁትን ላውራችሁ። ስም አልጠራም። አንዱ ቀያሽ ነኝ ባይ ቀብድ ተቀብሎ ጠፋ። ስደውልለት መልሱ ሁልጊዜ "መንገድ ላይ ነኝ" ነው፤ ያ መንገድ ወዴት እንደሚወስድ እስከዛሬ አልገባኝም። ሌላው መጣ፣ ስልኩን አወጣ፣ ካርታ ላይ ያለውን መስመር አሳየኝና "ድንበርህ ይሄ ነው" ብሎ ሳሩ ላይ ቀለም ረጭቶ ሄደ። ጎረቤቴም የራሷን ስልክ አውጥታ ሌላ ካርታ አሳየችኝ። የእሷ መስመር በእኔ መኝታ ቤት መሃል ነው የሚያልፈው! ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ቢሮ ስሄድ አንዱ መስኮት ወደ ሌላው ይልከኛል፣ ያኛው መልሶ ወደ መጀመሪያው። ጠበቃ ዘንድም ደረስኩ፤ ታሪኩን ሳልጨርስ "የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንጻፍላት" አለኝ። ለማን? ልጄ ሌሊት ታሞ መኪናችን አልነሳ ሲል በፒጃማዋ ወጥታ ሆስፒታል ላደረሰችን ሴት? ትቼው ወጣሁ። ሒሳቡ ግን እኔን አልተወኝም።

የጋሼን ስልክ የሰጠችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። (ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።) ስደውልላቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ክፍያ አይደለም። "ጎረቤትህ እንደምመጣ ታውቃለች?" አሉኝ። አታውቅም አልኩ። "እንግዲያው ንገራት። ሳታውቅ ከመጣሁ ያንተ ሰው ነኝ፣ የለካሁትም ውሃ አያነሳም።"

በቀጠሯችን ቀን በሰዓታቸው መጡ። ዕቃቸውን ከመኪና ሳያወርዱ ቀጥ ብለው የእሷን በር አንኳኩ። "የከፈለኝ እሱ ነው፣ ድንበሩን ግን ገንዘብ አያንቀሳቅሰውም። ስቆፍር መጥተሽ እዪ" አሏት። መጣች። እጇን አጣጥፋ፣ ከእኔ ርቃ ቆመች።

ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ተከሉ፣ የሁለታችንን ቦታ ፕላን ዘረጉ፣ ወዲያ ወዲህ እያሉ ለኩ። ምን ሲያሰሉ እንደነበር አትጠይቁኝ። የገባኝን ልንገራችሁ፦ አጥር ድንበር አይደለም። አጥር ሲታጠር አጣሪው የተመቸው ቦታ ላይ ሊተክለው ይችላል። የስልክማ ጭራሽ አይታመንም፤ የስልክ ጂፒኤስ ሰማዩ ክፍት በሆነበት ቦታ እንኳ ወደ 5 ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል አሉን። የካምፐሯ ወርድ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ስህተቱ ብቻውን ሁለት ካምፐር ያስቆማል ማለት ነው፣ እኛ የተኳረፍነው በስንዝር!

ከዚያ ብረት የሚፈልገውን መሣሪያ ይዘው ጥግ ጥጉን ዞሩ። አንድ ቦታ ላይ ጮኸ። ቀስ ብለው ቆፈሩ፣ ከአፈሩ ውስጥ የዛገ የብረት ችካል ታየ። ቦታው ሲሸነሸን የተቀበረ ምልክት ነው፣ እንዳትነኩት፣ መንቀል በብዙ ቦታ በሕግ ያስጠይቃል አሉን። ሌላኛውም ጥግ ላይ አገኙና ገመድ ወጠሩ። ካምፐሯ ሙሉ በሙሉ በእኛ በኩል ናት። እንዲያውም ወደ እኛ ግቢ ገባ ያለው አጥሩ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። ጋሼ ግን ወደ እሷ ዞረው "ልጄ፣ የመስመሩ ነገር አለቀ። ግን አንቺን ያስቸገረሽ እውነት መስመሩ ነው?" አሏት። ዝም አለች። ቆይታ "መኪና ሳወጣ መንገዱን ትጋርድብኛለች፤ በቀደም በብስክሌት የሚያልፍ ልጅ ለጥቂት ነው የተረፈው" አለች። ድምጿ ተንቀጠቀጠ። እንዴት ለእኔ አልነገርሽኝም ስላት "ፈራሁ ብል ማን ይሰማኛል፣ ድንበር ካልኩ ይሰማኛል ብዬ ነው" አለችኝ።

ጋሼ ምን አደረጉ መሰላችሁ? መኪናዋ ውስጥ ገብተው የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ አንገታቸውን አዙረው አዩና "እውነቷን ነው፣ ምንም አይታይም" አሉ። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። እሳቸው፣ እኔ፣ እሷና የእሷ ትልቁ ልጅ ሆነን ካምፐሯን ወደ ኋላ ገፋናት። መንገዱ ተከፈተ። ጎማዎቹ የሚቆሙበትን በትንንሽ ችካል ምልክት አደረጉልን። ለዚህ አንድ ሳንቲም አልጠየቁም፣ ስሰጣቸውም አልተቀበሉም።

ካምፐር ያላችሁ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የነገሩኝን ስሙ። በራስ ግቢ ውስጥ መሆን ብቻ ላይበቃ ይችላል። በብዙ ከተማ ከድንበሩ ራሱ የተወሰነ ርቀት እንድትርቁ የሚያስገድድ ደንብ አለ፣ ልኩ እንደየቦታው ስለሚለያይ ቀድማችሁ ማዘጋጃ ቤታችሁን ጠይቁ። ስትለኩም የካምፐሯ የሸራ ጥላና በጎን የሚወጣው ክፍል ተዘርግቶ ይሁን። እኔ ይሄን ማን ነግሮኝ!

በኋላ ፊርማና ማህተም ያለበት ፕላን ሰጡን፣ አንዱን ለእኔ አንዱን ለእሷ። ደግሜ እላለሁ፣ ጥሯቸው። ሥራቸው የጠራ፣ አንደበታቸው የታረመ ሰው ናቸው። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ወዲያው ካላነሱ መልእክት ተዉላቸው፣ መልሰው ይደውላሉ። ጎረቤቴም ወስዳለች፤ በጓሮዋ በኩል ያለውን አጥር ልታስለካ ነው።