ወገባችሁን ለሚያማችሁ የቱሉ ዲምቱ ነርሶች
14 ዓመት በነርስነት ሳገለግል የሰውን ሕመም እንጂ የራሴን አዳምጬ አላውቅም። ባለፈው የካቲት፣ በአንድ የሌሊት ተረኛነቴ፣ በስትሮክ ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸውን ግዙፍ አባት ብቻዬን ላገላብጥ ጎንበስ ስል ወገቤን ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ሁለት ወር በማስታገሻ ገፋሁት። የጫማዬን ማሰሪያ የምታስርልኝ የ9 ዓመት ልጄ ነበረች።

ቱሉ ዲምቱ የምትሠራ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት ከዚህ ያወጣችኝ። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች አልጽፈውም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ አድራሻዋን እሰጣለሁ።

እኔ የሄድኩት ልታሽ ነበር። እሷ ግን በቅድሚያ እግሬ ይዝል፣ መቀመጫዬ አካባቢ ይደነዝዘኝ፣ ሽንቴን መቆጣጠር ያቅተኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከእነዚህ አንዱ ቢኖር በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትልከኝ ነበር። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ተጋደመችና «በይ ሲስተር፣ እንደ ታካሚሽ አገላብጪኝ» አለችኝ። አገላበጥኳት። እዚያው እንደተጋደመች ጥፋቴን ነገረችኝ፦ አልጋውን እስከ ዳሌዬ ከፍ አላደረግኩም፣ ከእሷ ርቄ ቆሜያለሁ፣ እግሬን ሳላዞር ወገቤን ጠምዝዣለሁ። ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ቀጥላ አንሶላ አጥፋ ከሥሯ አስገባችና ረዳቷን ጠርታ፣ እኔና ረዳቷ ግራና ቀኝ ይዘን፣ እኩል ቆጥረን፣ ሳናነሳ እንዴት እንደምናንሸራትት አሳየችን። «አስታማሚው አጠገብሽ ቆሞ ለምን ብቻሽን ትሸከሚያለሽ?» ያለችኝ ከጆሮዬ አይጠፋም። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም ኒኦሽ፣ ሁኔታው ሁሉ ቢመች እንኳን አንድ ሰው ታካሚን ሲያነሳ ከ16 ኪሎ ግራም ያህል እንዳያልፍ ይመክራል። እኛ ብቻችንን ስንት ኪሎ እንደምናነሳ ታውቃላችሁ። በምሠራበት ክፍል የአንዳንዱ አልጋ ማንሻ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ጥፋቱ ሁሉ የነርሷ አጎንባበስ እንዳልሆነ የክፍል ኃላፊዎችም ልብ ይበሉልን።

ስለ ቤቴም ጠየቀችኝ። ውኃ ሲጠፋ አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን የማመላልሰው እኔ ነኝ። የ20 ሊትሩን አስቀርታ በእያንዳንዱ እጄ አንድ ባለ 5 ሊትር እንድይዝ አደረገችኝ። ተኝቼ እንዳልውል፣ በየቀኑ እንድራመድ፣ ጠዋት ጠዋት በጀርባዬ ተንጋልዬ ጉልበቴን አጥፌ ዳሌዬን ቀስ ብዬ እንዳነሳ አዘዘችኝ። በአራተኛው ቀጠሮ «ከዚህ በኋላ ቤትሽ ትሠሪዋለሽ፤ ገንዘብሽን አታባክኚ» ብላ አሰናበተችኝ። እንዲህ የሚል ባለሙያ ስንት አለ?

ፈጽሞ ድኛለሁ አልልም፤ ሌሊቱ ሲረዝም ዛሬም ይይዘኛል። ጫማዬን ግን ራሴ አስራለሁ። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ክፉ አይንካሽ።

ወደ እሷ የምትሄዱ፣ ቢቻላችሁ አብሯችሁ ተረኛ የሚሆን ባልደረባ ይዛችሁ ሂዱ፤ የአንሶላውን አሳሳብ ለሁለታችሁም ታሳያችኋለች።