ለ40 ፈረስ ሞተር የተገዛ የውሃ ፓምፕ ኪት፦ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ጣና ላይ

ኪቱ ጀልባ ኋላ ላይ ለሚታሰር ባለ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ተመሳሳይ ዕቃ ነው፤ የሐይቁን ውሃ ስቦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፓምፕ ለማደስ ይገዛል፤ ኦሪጅናል አይደለም። ሳጥኑ ውስጥ የፓምፑ የፕላስቲክ ቤት፣ የማይዝግ ብረት ኩባያ፣ ኢምፔለር (እየዞረ ውሃውን የሚገፋ ባለ ክንፍ ጎማ)፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ሳህን፣ የወረቀት ጋስኬቶች (መጋጠሚያ ላይ የሚገቡ ማሸጊያዎች)፣ ኦሪንግ (ክብ የጎማ ማሸጊያ) እና ኢምፔለሩን ከሚያዞረው ዘንግ፣ ከሻፍቱ ጋር የምትቆልፍ ትንሽ ብረት አሉ። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ በሚመላለስ ጀልባ ላይ ከጥቅምት እስከ ሰኔ ሠርቷል። ኢምፔለሩና ኩባያው የወጣባቸውን ገንዘብ ያክላሉ፣ ወረቀቱና ኦሪንጉ ግን አያክሉም።

ከመግዛት በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። ሞተር «ውሃ ያፈሳል» ሲባል ብዙ ሰው ሮጦ ይህን ኪት ይገዛል። ፓምፑ ያለው ግን ታች፣ ውሃ ውስጥ በሚገባው የሞተሩ እግር ውስጥ ነው፤ ቢያፈስም ውሃው እዚያው ወርዶ ወደ ሐይቁ ይመለሳል እንጂ ከላይ አይታይም። የላይ ክዳኑ ሲነሳ የሚታይ ጠብታ ምንጩ እዚያው ላይኛው ክፍል ነው፦ የቴርሞስታት (የማቀዝቀዣውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ) ሽፋን፣ የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ጋስኬት፣ የጭስ ማውጫው ሽፋን ወይም የምልክት ውሃ፣ ማለትም ፓምፑ መሥራቱን የምታሳየው ቀጭን ውሃ፣ የምትወጣበት ቱቦ። ለእነዚህ ኪቱ ውስጥ አንድም ዕቃ የለም።

ምንጩን ለማግኘት ሞተሩን በርሜል ውስጥ ማስነሳት ይበቃል። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ክንፍ መሸፈን አለበት። ሞተሩን በጨርቅ አድርቆ መጋጠሚያዎቹ ላይ የጠመኔ ዱቄት መነስነስ፤ ከዚያ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ ትንሽ ነዳጅ ጨምሮ ማየት። ጠመኔው መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ ነው የሚያፈስሰው። ጠብታው ታች ስለሚጠራቀም ታችኛውን ቡሎን ማጥበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ይባስ ብሎ አሉሚኒየሙ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎን 8 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃዋል።

የምልክት ውሃዋ ከቀጠነች መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍቶ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ መጥረግ ነው። የጣና ደለል፣ በተለይ ከሐምሌ በኋላ፣ እዚያ ይጋገራል። በሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ ባለበት ደግሞ ሥሩ የውሃ መግቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል። ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ውሃዋ አሁንም ደካማ ከሆነች ያን ጊዜ ፓምፑ ይፈታል። ውሃዋ በርትታ እየወጣች ሞተሩ የሚግል ከሆነ ግን ቴርሞስታቱን መመርመር ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ የጋለ ሞተር ቆላ ካለው ቀድሞ እንፋሎት ያወጣል።

ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ካንዴላው (ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ዕቃ) ይናገራል፤ አንዱ ጠቁሮ ሌላው ታጥቦ ወይም ዝጎ ይወጣል። ኮምፕረሽን (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ሲለካ መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር አይጠበቅ፤ በዚህ ከፍታ አንድ አምስተኛ ገደማ ዝቅ ይላል። ቁም ነገሩ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ15 በመቶ ካለፈ ቴስታታው ይነሳ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ተጋድሞበት 0.1 ሚሊሜትር ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረት) ከሥሩ ካለፈ ጠሟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወፍራም መስታወት ላይ በተነጠፈ ከ400 እስከ 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ክብ እያዞሩ ማስተካከል ይቻላል።

የማርሽ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ውሃ ወደ ማርሽ ቤቱ ገብቷል። ጣና ላይ የተለመደው ጥፋተኛ የናይሎን መረብ ክር ነው። በፕሮፔለሩና በማርሽ ቤቱ መካከል ሻፍቱ ላይ ተጠምጥሞ የኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ ሻፍቱን የሚያሽገው ጎማ) ከንፈር ይቆርጣል። ፕሮፔለሩን በየጊዜው አውልቆ ማየት ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ለማረጋገጥ ዘይቱን አፍስሶ በላይኛው ቀዳዳ በእጅ ፓምፕ ከ0.7 እስከ 1 ባር አየር መሙላት፣ ከዚያ በሳሙና ውሃ መቀባት። አረፋ ከሚሠራበት ነው የሚያፈስሰው። ከ1 ባር በላይ ደህናውን ኦይል ሲል ያበላሻል። ኦይል ሲሉን ሳይነኩ ዘይት ብቻ መለወጥ ብር ሐይቅ ውስጥ መጣል ነው። የማፍሰሻ ቡሎኖቹ ሮንዴላዎችም (ከቡሎኑ ሥር የሚገቡ ቀለበቶች) በተፈቱ ቁጥር ይለወጡ።

ወደ ኪቱ ስንመለስ፣ አገጣጠሙ ላይ ሦስት ቦታ ይሳሳታሉ። ኢምፔለሩ ወደ ኩባያው ሲገባ ሻፍቱ ከላይ ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ እየዞረ ነው የሚገፋው፤ ክንፎቹ እንዲታጠፉ የሳሙና ውሃ ይበቃል። ሁለተኛ፣ እግሩ ወደ ላይ ሲገፋ ውሃ የሚያወጣው የመዳብ ቱቦ ፓምፑ ላይ ባለው ጎማ ልክ መግባት አለበት። ከሳተ አዲሱ ፓምፕ ውሃውን እግሩ ውስጥ ይረጫል፣ ባለቤቱም ኪቱን ይረግማል። ሦስተኛ፣ ግራሶ ለሻፍቱ ጥርሶች እንጂ ለአናቱ አይደለም፤ አናቱ ላይ የተከመረ ግራሶ እግሩ እስከ መጨረሻው እንዳይገጥም ያደርጋል።

ሰኔ ላይ ሲከፈት ኢምፔለሩ አልተሰነጠቀም፤ ክንፎቹ ግን በታጠፉበት ቀርተዋል፣ ስለዚህ መለወጥ ነበረበት። ኩባያው ላይ ደለሉ ያሰመራቸው ጭረቶች ይታያሉ፤ ጥፍር ስላልያዘባቸው ገና ያገለግላል። ሳህኑ ላይ ያለው ጭረት ግን ጥፍር ይይዛል። ኦሪንጉ ጠፍጥፏል። ታችኛው የወረቀት ጋስኬት ባንድ ጎን ተበልቶ ውሃ መንገድ አበጅቶበታል፤ የምልክት ውሃዋ ከሚያዝያ ጀምሮ የቀጠነችውም በዚህ ነው። በወረቀቱ ፈንታ ሲልከን መቀባት መፍትሔ አይሆንም፤ ውፍረቱ በኢምፔለሩና በሳህኑ መካከል ያለውን ክፍተት ይለውጣል፣ የተቆረሰውም ሄዶ ቴርሞስታቱን ይደፍናል።

ስለዚህ ኪቱን የሚገዛ ሰው ኦሪጅናል ጋስኬትና ኦሪንግ ለብቻ ይጨምርበት፤ የፓምፑን ቤት፣ ኩባያውንና ኢምፔለሩን ግን ያለ ስጋት ይጠቀም። በንጹሕ ውሃ ኢምፔለር በዓመት አንዴ ይለወጣል፤ ክረምትን ጨምሮ የሚሠራ ጀልባ ግን አንዱን ከዝናቡ በፊት፣ ሌላውን መስከረም መጨረሻ ላይ ያስቀይር።