ሺማኖ ኤችጂ700 ባለ34 ጥርስ ካሴት በጎጃም መንገድ

አዲስ አበባ የሚገባ የውድድር ብስክሌት ካሴቱ (የኋላ ጎማው ላይ የተደረደሩት ባለጥርስ ማርሾች) ላይ ያለው ትልቁ ማርሽ ብዙ ጊዜ 28 ወይም 30 ጥርስ ነው። ሜዳ ላይ ለሚጋልብ ሰው ደህና ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ፣ በቸርችል ጎዳና ፒያሳ ወጥቶ፣ በሰሜን ሆቴልና በአዲሱ ገበያ አድርጎ፣ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሮ ሱሉልታ ለሚገባ ቡድን ግን ችግሩ ገና ከተማው ሳያልቅ ይጀምራል። መነሻው ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ሳንባ የሚደርሰው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጉልበት ሲቀንስ ማርሽ መቅለል አለበት፤ ሌላ መላ የለውም።

የሺማኖ ሲኤስ-ኤችጂ700-11 ካሴት ባለ11 ደረጃ ነው። ማርሾቹ በጥርስ ብዛት 11፣ 13፣ 15፣ 17፣ 19፣ 21፣ 23፣ 25፣ 27፣ 30 እና 34 ናቸው። ከፊት 50 እና 34 ካላችሁ፣ የፊቱን ትንሽ ከኋላው ትልቅ ስታገናኙ አንድ ለአንድ ይሆናል፦ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል። ባለ28 ሚሊሜትር ጎማ በአንድ ዙር 2.14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ቡድኑ ዳገቱን በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር እየወጣ ነው እንበል። ከኋላ 28 ላይ ያለ ሰው በደቂቃ 58 ጊዜ ያዞራል፣ 30 ላይ ያለ 62፣ 34 ላይ ያለ 70። ወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሃያ ደቂቃ ከተወጣ በኋላ ግን በ58 የሚገፋው ሰው ጉልበቱ ቄጠማ ሆኗል፣ በ70 የሚያዞረው ገና ያወራል።

በቡድን ሲኬድ ደግሞ ጣጣው ለባለቤቱ ብቻ አይቀርም። ማርሽ የከበደው ሰው መቀመጫውን ለቆ ይቆማል። ሲቆም ብስክሌቱ ከሥሩ ለአፍታ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ስንዝር ቢሆን ነው፣ ግን ተጠግቶ የሚመጣው ሰው የፊት ጎማ የሚነካካው በዚችው ቅጽበት ነው። የሚወድቀውም የኋለኛው ነው፤ የተነካው የፊት ጎማው ስለሆነ መሪው ከእጁ ያመልጣል። የግድ መቆም ካለ አንድ ማርሽ አክብዶ፣ እግር ወደ ታች እየገፋ ሳለ መነሳት ነው። በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ከሰው ጀርባ ተከልሎ ነፋስ ማምለጥ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ዳገት ላይ የአንድ ብስክሌት ርዝመት ቢተው የሚቀርበት የለም። ነጠላ ረድፍ መያዙ እንኳን የምርጫ ጉዳይ አይደለም፤ ሲኖትራኩም አይሱዙውም በዚያው መንገድ ነው የሚወጣው።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ካሴቱን ብቻ በመግዛት ነው። የሺማኖ ባለ11 ደረጃ የመንገድ ብስክሌት ዕቃ የሆነው የ105 አር7000 የኋላ ማርሽ ቀያሪ ሁለት ዓይነት ነው። አጭር ክንድ ያለው ኤስኤስ የሚችለው ትልቁ ጥርስ 30 ሲሆን ረጅም ክንድ ያለው ጂኤስ እስከ 34 ይሄዳል። ሁለተኛው ሒሳብ ክንዱ የሚሰበስበው የካቴና ትርፍ ነው፦ ከፊት 50 ሲቀነስ 34፣ 16፤ ከኋላ 34 ሲቀነስ 11፣ 23፤ ድምሩ 39። የጂኤስ አቅም ልክ 39 ነው፤ የኤስኤስ 35። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ቀያሪውን ገልብጣችሁ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ቀያሪውን ከካሴቱ የሚያርቀውን ብሎን አጥብቀው አጭሩን ክንድ በግድ የሚያሠሩ አሉ። ጠረጴዛ ላይ ሊዞር ይችላል፤ መንገድ ላይ ካቴናው ሲወጠር ግን ቀያሪውን ሊጎዳው ይችላል። ባለ12 ደረጃ ብስክሌት ያለው ሰው ይህን ካሴት አይግዛ፣ አይሠራለትም።

መግጠሙ ራሱ ከባድ አይደለም። የካሴት መፍቻና አሮጌውን ካሴት እንዳይዞር የሚይዝ ባለካቴና መያዣ ካለ በግማሽ ሰዓት ያልቃል። ነገሩ የሚበላሸው አንዲት ቀለበት ላይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ 1.85 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ቀጭን ቀለበት አለች። ሞዞው (ካሴቱ የሚገጠምበት የኋላ ጎማው መሃል) ለባለ11 ደረጃ የመንገድ ብስክሌት የተሠራ ከሆነ ይህቺ ቀለበት ከሁሉ በፊት ትገባለች፣ ከ34ቱ ጀርባ። ሞዞው የባለ10 ደረጃ ወይም የተራራ ብስክሌት ከሆነ አትገባም። ከባለ7 እና ከባለ8 ማርሽ ጋር የኖረ ጠጋኝ ትርፍ ዕቃ መስላው ጠረጴዛ ላይ ይተዋታል። ያኔ ካሴቱን ከውጭ የሚያስረው መዝጊያ ይጠብቃል፣ ካሴቱ ግን አይጠብቅም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ 34ቱን በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። ቀጭ ቀጭ ካለ ቀለበቷ ቀርታለች። በተቃራኒው፣ በማያስፈልጋት ሞዞ ላይ ከገባች የመዝጊያው ጥርስ አይነክስም።

መዝጊያው በ40 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። መለኪያ ያለው ቁልፍ ከሌለ፣ 25 ሳንቲሜትር ርዝመት ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ 16 ኪሎ ገደማ መጫን ማለት ነው፤ ክንድን ጥሩ አድርጎ ማሠራት እንጂ መንጠልጠል አይደለም።

ካቴናውን ለመቆጠብ አትሞክሩ። ለ28 የተቆረጠ ካቴና ለ34 ከሦስት እስከ አራት ቀለበት ያንሳል። አዲሱ 116 ቀለበት ሆኖ ይመጣል። በማርሽ ቀያሪው ሳያልፍ ከፊቱ ትልቅና ከኋላው ትልቅ ጋር አዙሩት፣ በሚገናኝበት ላይ ሁለት ቀለበት ጨምሩና ቁረጡ። አጥሮ ከተቆረጠ፣ ሰው በድካም ሳያስበው 50ን ከ34 ጋር ያገናኘ ቀን የማርሽ ቀያሪው ማንጠልጠያ ይጎብጣል ወይም ይሰበራል። ማንጠልጠያው እንደየብስክሌቱ አካል የተለያየ ስለሆነ ከሱሉልታ ወዲያ ባለችው ጫንጮ ቀርቶ ፒያሳም ላይ ተፈልጎ ላይገኝ ይችላል። ረጅም ጉዞ የሚወጣ ሰው የራሱን አንድ ትርፍ ኪሱ ቢይዝ ነው የሚሻለው።

የቀረው ሁለት ብሎን ነው። አንደኛው የቀያሪውን የላይኛዋን ትንሽ መዘውር ከ34ቱ ያርቃል፤ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ይበቃል። ከቀረበ ያንኳኳል፣ ከራቀ ማርሹ ይዘገያል። ሁለተኛው የውስጠኛው ወሰን ብሎን ነው። ይህ ከላላ ካቴናው 34ቱን አልፎ በካሴቱና በጎማው ሽቦዎች መካከል ይገባል፤ የሚገባውም ጋላቢው ዳገት ላይ የመጨረሻዋን ማርሽ ሲጠይቅ፣ ሙሉ ክብደቱ ፔዳሉ ላይ ባለበት ሰዓት ነው።

መሞከሪያው ሩቅ አይደለም። እሁድ ጠዋት መኪና ሳይበዛ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ እስከ ማዘጋጃ ቤት ውጡ። ከታች በ50 ጀምሩ፣ ዳገቱ ሳይጠነክር ወደ 34 አውርዱ፣ ከኋላ አንድ በአንድ እየጨመራችሁ እስከ ትልቁ ድረሱ። የፊቱን ማርሽ በጭንቅ ሰዓት መቀየር ካቴና ያስወልቃል፤ ገና እግር ሲቀል ነው የሚቀየረው። 27፣ 30ና 34 ላይ ሳይንተባተብ ካለፈ ለሱሉልታ ይሆናል።

ጉድለቱን ደግሞ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ታገኙታላችሁ። ባለ11–28 ካሴት ላይ የነበሩት 12 እና 14 ጥርሶች እዚህ የሉም። ቡድኑ ተሰልፎ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ በ50 እና በ15 እግር በደቂቃ 82 ጊዜ ይዞራል፤ አንድ ማርሽ ስታከብዱ በ13 በአንዴ 71 ላይ ይወድቃል። መሃሉ ላይ የነበረችው፣ በ14 የምትገኘው 76 ገደማ የለችም። ብቻውን የሚሄድ ሰው ፍጥነቱን ያስተካክላል፤ በሰልፍ ውስጥ ያለ ግን የፊተኛውን ፍጥነት መከተል ስላለበት ወይ ይሽከረከራል ወይ ይገፋል። ያናድዳል። ቢሆንም ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ከተባለ፣ ሜዳ ላይ መናደድ ዳገት ላይ ወርዶ ከመግፋት ይሻላል። በተለይ ጫንጮ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ ሲመለስ፣ እግሩ ያለቀበት ሰው ፊት ያው ትከሻ እንደገና ይቆማል። ካሴቱ ዋጋውን የሚያወጣው ጠዋት ሳይሆን እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ አዲሱ ገበያ ያለው ቁልቁለት የፍሬን ጉዳይ ነው፤ ሸራው ካለቀ ካሴት አያድንም።

ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ለሚወጣስ? እዚያ 34ም ለብዙዎች ያንሳል። ሰውና ብስክሌት 85 ኪሎ ቢመዝኑ፣ 10 በመቶ ዳገት በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ክብደትን ለማንሳት ብቻ ከ200 ዋት በላይ ይፈልጋል። ለዚያ ከፊት 22 ጥርስ ያለው የተራራ ብስክሌት ሳያፍሩ መያዝ ነው። በመንገድ ለሰው ቀን ወይም ከአራት ኪሎ ቦሌ ብቻ ለሚጋልብ ደግሞ ባለ28ቱ ይበቃዋል፣ ገንዘቡን ለጎማ ያውለው።

ካቴናውን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በየቀለበቱ አንዳንድ ጠብታ ዘይት ማድረግ ይበቃል። የሞተር ዘይት አቧራ ይሰበስባል፤ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በክረምት አንድ ዝናብ አይችልም፣ በበጋ ግን መጥፎ አይደለም። 24 ቀለበት በማስመሪያ ለኩ፤ አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊሜትር ነው፣ 306.3 ሲደርስ ካቴናውን ቀይሩ። ካለፈ ካሴቱንም ይዞ ይሄዳል።

ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ አዲሱ የማርሽ ሽቦ ስለሚላላ 34 ላይ ለመውጣት ያመነታል። ይህ የካሴቱ ብልሽት አይደለም፤ ቀያሪው ላይ ያለችውን ማስተካከያ ሩብ ዙር ወደ ውጭ አዙሯት፣ ካልበቃት ሌላ ሩብ።