ከእንቅርት ኦፕራሲዮን በኋላ የአንገት ነርቭ ብሎክ፦ ያዋጣል?

ባሕር ዳር ላይ እንቅርት ለማስወጣት ቀጠሮ የያዘች ሴት የሰመመን ባለሙያውን «የአንገት ብሎክ ይሠራልኛል?» ብላ ብትጠይቅ አትከስርም፤ ብሎክ ማለት የአንገትን ቆዳ የሚያዳርሱ ነርቮችን በመርፌ ለሰዓታት ማደንዘዝ ነው። ብሎክ በሌለበት ሕመሙን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ትራማዶል የተባለው ጠንካራ ማስታገሻ ነው፤ ያስታግሳል፣ ግን ያቅለሸልሻል። አዲስ የተሰፋ አንገት ይዞ ማስመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ ማማጡ የቆመ ደም ሊያስነሳ ይችላል።

አሠራሩ አያስቸግርም፤ አልትራሳውንድ ባይኖርም በዳሰሳ ይሠራል። ታካሚዋ ከተኛች በኋላ፣ ቢላ ከማረፉ በፊት፣ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ይዞራል። ከጆሮ ኋላ ወደ ደረት የሚወርደው ወፍራም ጡንቻ ይዳሰስና በኋለኛው ጠርዙ መሃል ላይ ቀጭን መርፌ ይገባል። እዚያው የደም ሥር ስለሚያልፍ ሲሪንጁን ሳብ አድርጎ ደም አለመኖሩን ማየት ግዴታ ነው። ከዚያ ማደንዘዣው በጠርዙ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እየተበተነ፣ በየጎኑ 10 ሲሲ። መርፌው ከቆዳ ሥር ብዙ መዝለቅ የለበትም። ከጠለቀ ድያፍራምን (ለመተንፈስ የሚያገለግለውን ከሳንባ ሥር ያለ ጡንቻ) የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ይደነዝዛል፤ በሁለቱም ጎን ከሆነ ትንፋሽ ያጥራል። ድምፅም ሊሰልል ይችላል፤ ያኔ ቀዶ ሐኪሙ «ነርቭ ነካሁ እንዴ?» ብሎ በከንቱ ይጨነቃል።

ስህተት የሚበዛው ስሌቱ ላይ ነው። የማደንዘዣው የቡፒቫኬይን ጣሪያ በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ነው። 45 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 90 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው፤ ባለ 0.5 በመቶው 20 ሲሲ ብልቃጥ ግን 100 ይይዛል። ስለዚህ 10 ሲሲ ከብልቃጡ፣ 10 ሲሲ ኖርማል ሳላይን፤ 50 ሚሊ ግራም ለሁለቱ ጎን ይበቃል። ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉ ላይ የሚወጋው ሌላው ማደንዘዣ ሊዶኬይንም ከዚሁ ሂሳብ ይገባል፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ማደንዘዣው ከመጠን አልፎ ቢመርዛት፣ ታካሚዋ ተኝታለችና ከንፈሬ ደነዘዘ፣ ጆሮዬ ጮኸ አትልም፤ የመጀመሪያው ምልክት ሞኒተሩ ላይ የተዛባ የልብ ምት ሊሆን ይችላል። የዚህ መመረዝ ማርከሻ የሆነው 20 በመቶ የስብ ኢሙልሽን ክፍሉ ውስጥ ካልተገኘ መርፌው ባይነሳ ይሻላል።

ብሎኩ መያዙን ስትነቃ በስፕሪት በራሰ ጥጥ ማወቅ ይቻላል፤ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት የጆሮዋ ጫፍ ቅዝቃዜው ካልተሰማው ይዟል። ነጠላዋን እየሳበች «ጆሮዬ የኔ አልመስል አለኝ» ብትል መደንገጥ አያስፈልግም።

ሁሉን ያጠፋል ብሎ መጠበቅ ግን ስህተት ነው። የቆዳውንና የስፌቱን ሕመም ይቀንሳል፤ የመተንፈሻ ቱቦው የፋቀው ጉሮሮና ወደ ኋላ ተለጥጦ የቆየው ማጅራት ግን ያማሉ። ለእነሱ በክብደቷ ልክ የተሰላ ፓራሲታሞል በየ6 ሰዓቱ፣ ለብ ያለ አጥሚት። ጠዋት 3 ሰዓት የተሰጠ ብሎክ ማታውን መልቀቅ ስለሚጀምር ማስታገሻ ለመስጠት ታካሚዋ እስክታቃስት መጠበቅ ጥሩ ልማድ አይደለም።

አስታማሚም በሕመሟ ብቻ አይመራ፤ ብሎክ ሕመሙን ሊሸፍን ይችላል። ፋሻው ሥር አንገቷ ካበጠ፣ ከተወጠረ ወይም ትንፋሿ ካፏጨ ወዲያው ሲስተርን መጥራት ነው። የደም መፍሰስ አደጋው በዋናነት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ስለሆነ፣ ሐይቁን ተሻግራ ዘጌ የምትመለስ ሴት ያን ሌሊት ከተማው ውስጥ ትደር።