ከላይፖሰክሽን በኋላ የትኛው ማሳጅ? የእጅ፣ የማሽን እና የጠንካራ ማሳጅ ንጽጽር

ስብ ከተመጠጠ ወይም የሆድ ቆዳ ተቆርጦ የቀረው ከተወጠረ በኋላ ለማሳጅ የሚከፍል ሰው መጀመሪያ መቁጠር ያለበት ሳምንቱን ነው። በ3ኛው ወር የሚጠቅም ማሳጅ በ5ኛው ቀን ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ሲባል «ለስንተኛው ሳምንት?» ብሎ መመለስ ግድ ነው።

እብጠቱ የሚመጣው ከሦስት ነገር ነው። የመምጠጫው ቱቦ ከቆዳ ሥር ሲመላለስ ጥቃቅን የደምና የሊምፍ (በአካል ውስጥ የተረፈውን ፈሳሽ ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልስ) ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ስቡ የወጣበት ቦታ ክፍት ሆኖ ፈሳሽ ያጠራቅማል፤ ከመምጠጡ በፊት የተወጋው ማደንዘዣ ያለበት ጨዋማ ፈሳሽም በከፊል እዚያው ይቀራል። አብዛኛውን ጊዜ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይብሳል፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ዋናው ይቀንሳል፣ የቀረው እስኪጠፋ ግን ከ3 እስከ 6 ወር ይወስዳል። ይህ ሁሉ ያለ ማሳጅም የሚሆን ነው። ጥሩ ማሳጅ መወጠሩንና ሕመሙን ያቀልላል፣ ፈሳሹ መውጫ እንዲያገኝ ይረዳል። ስብ አያቀልጥም፣ ወገብም አያቀጥንም። እንዲህ ብሎ የሚሸጥልዎ ካለ ይተዉት።

የእጅ ሊምፍ ማሳጅ

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ከሁሉ የምናስቀድመው ይህንን ነው። ዘዴውን በ1930ዎቹ ያዘጋጁት ዴንማርካዊው ኤሚል ቮደር እና ባለቤታቸው ኤስትሪድ ናቸው። ፈሳሹን መጀመሪያ የሚቀበሉት የሊምፍ ሥሮች ልክ ከቆዳው ሥር ስለሚገኙ ጡንቻ ድረስ መጫን አያስፈልግም፤ ሲጫኗቸው ይደፈናሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግፊት ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት የሚለካበት መለኪያ) ነው። ምን ያህል ቀላል እንደሆነ በራስዎ ይሞክሩት፦ ሁለት ጣትዎን በእጅዎ ጀርባ ላይ ያሳርፉ፣ ቆዳውን ሳያንሸራትቱ ወደ አንድ ጎን ሳብ ያድርጉት፣ ከዚያ ይልቀቁትና በራሱ ይመለስ። ከሥር ያለው አጥንት ከተሰማዎት አብዝተዋል።

የባለሙያውን ችሎታ ከአጀማመሩ ይለዩታል። ሊምፍ ወደ ደም የሚመለሰው ከአንገት ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ ነው። ስለዚህ የሠለጠነ እጅ መጀመሪያ አንገት ላይ ያርፋል፣ ቀጥሎ ብብትና ብሽሽት ያሉትን የሊምፍ ዕጢዎች በቀላል እሽታ ይከፍታል፣ ያበጠው ቦታ ላይ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። በቀጥታ ሆድ ላይ የሚጀምር ሰው መንገዱን ሳይከፍት ፈሳሹን እየገፋ ነው። ሌላው ምልክት ዘይቱ ነው፤ እጅ ቆዳውን መያዝ እንጂ መንሸራተት ስለሌለበት ዘይት ከተትረፈረፈ የሚሠራው ሌላ ማሳጅ ነው።

የሆድ ቆዳ የተቆረጠላችሁ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አላችሁ። ከእምብርት በታች ያለው ሊምፍ በተለምዶ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፤ የቀዶ ጥገናው ስፌት ግን ይህን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ይቆርጠዋል። ከስፌቱ በላይ ያለው ፈሳሽ ወደ ብብት መመራት አለበት። «ከስፌቴ በላይ ያለውን ወዴት ነው የምትወስዱት?» ብላችሁ ጠይቁ። «ወደ ታች» ካሉ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ። ስብ ወደ መቀመጫቸው የተዛወረላቸው ደግሞ የተተከለው ቦታ ጨርሶ እንዳይነካ ያድርጉ፤ አዲሱ ስብ የሚተርፈው የደም ሥር ሲያበቅል ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግፊት ከበዛበት ይሞታል።

ሥልጠናን በተመለከተ ቮደር፣ ፎልዲ፣ ሌዱክ የሚሉ ስሞች የታወቁ የሊምፍ ማሳጅ ትምህርት ቤቶች ናቸው። «ማሳጅ ተምሬያለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም።

የአየር መጭመቂያ ማሽን

እግርና ወገብ ላይ እንደ ቦት የሚጠለቅ፣ ክፍሎቹ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ በየተራ አየር የሚሞሉ መሣሪያ ነው። ጥሩ ጎኑ ግፊቱ በቁጥር መታወቁ ነው፣ ክፍያውም አብዛኛውን ጊዜ ከእጅ ማሳጅ ያነሰ ነው። ጭንና ባታቸው ለተመጠጠ ሰዎች ከእጅ ማሳጁ ቀጥሎ ቢጨመር ይረዳል።

ብቻውን ግን አንመክረውም። ማሽኑ አንገትና ብብት አይከፍትም፤ ከእግር የገፋው ውሃ ብሽሽት ላይ ሲደርስ መሄጃ ካጣ ብልት አካባቢ ያብጣል። ከቆዳ ሥር የተቋጠረ ፈሳሽ ይኑር አይኑር በእጁ ዳስሶ የሚያውቅም የለም። የወገብ ቀበቶው ደግሞ ትኩስ የሆድ ስፌት ላይ ታጥፎ ሊያርፍ ይችላል፤ ሐኪሙ ሳይፈቅድ ቀበቶውን አይልበሱ።

ጠንካራ ማሳጅ፣ የእንጨት መሣሪያ፣ አልትራሳውንድ

ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። «ካላመመ አይሠራም» የሚለው አባባል ከቀዶ ጥገና በኋላ ስህተት ነው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በክርን፣ በጉልበት ወይም በእንጨት ተንከባላይ መታሸት ሊገጥሙ የጀመሩ ጥቃቅን ሥሮችን እንደገና ይበጥሳል፤ በማግስቱ አዲስ ብልዝና የባሰ እብጠት ይታያል። ያውም ቆዳው ለወራት ስለሚደነዝዝ የታሻው ሰው ጉዳቱ አይሰማውም። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ካለፈና ሐኪሙ ከፈቀደ ሌላ ነገር ነው።

ከ2ኛው ወይም 3ኛው ሳምንት ጀምሮ ከቆዳ ሥር እንደ ገመድ ወይም እንደ ጠጠር የሚዳሰስ ነገር ሊመጣ ይችላል፣ ፋይብሮሲስ የሚባለው ነው። እሱን በዝርግ ጣት፣ በዝግታ፣ ሳያሳምሙ ማላላት እንጂ መፍጨት አይገባም። ለዚህ አልትራሳውንድ (በድምፅ ሞገድ የሚሠራ መሣሪያ) የሚጨምሩም አሉ፦ 3 ሜጋኸርትዝ ለቆዳ ቅርብ ለሆነ፣ 1 ሜጋኸርትዝ ለጠለቀ። ለሆድና ለወገብ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ የሚስማማው ባለ 3 ሜጋኸርትዙ ነው። የመሣሪያው ራስ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ያቃጥላል፣ የደነዘዘ ቆዳ ደግሞ አያስጠነቅቅም። በዚሁ ምክንያት የሙቅ ውሃ ከረጢትም አይያዙ።

በፍጹም የማይገዛው

የተሰፋውን ቀዳዳ እንደገና ከፍቶ ፈሳሹን በእጅ ጨምቆ ማውጣት «ማሳጅ» እየተባለ ይሸጣል። ቀይ ፈሳሽ በዕቃ ሞልቶ ሲያዩ የጠራልዎት ይመስላል። የተከፈተው ቀዳዳ ግን ለጀርም በር ነው፣ ጠባሳውም ይሰፋል። ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ ማለትም ሴሮማ፣ የሐኪም ሥራ ነው፤ በንጹሕ መርፌ ይመጠጣል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ተጋድመው እብጠቱን በአንድ ጎን ቸብ ሲያደርጉት ሌላው ጎን ውሃ እንደያዘ ፌስታል ይናወጣል። ይህን ያየ ባለሙያ ማሸቱን አቁሞ ወደ ሐኪሙ ይልክዎታል።

ምን ያህል ልግዛ?

ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ፣ ይጀመራል። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ከ45 እስከ 60 ደቂቃ፣ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት፤ ከዚያ በሳምንት አንዴ። በድምሩ ከ6 እስከ 10 ጊዜ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። 20 ጊዜ በአንድነት አስቀድመው አይክፈሉ፤ ከ3ኛው ጊዜ በኋላ መወጠሩ ካልቀለለ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ይሻላል። በቂ ገንዘብ ከሌለዎት ከማሳጁ በፊት ልክዎ የሆነ መጭመቂያ ልብስ ይግዙ፤ ቀንና ሌሊት የሚሠራው እሱ ነው። የጠባሳ ማሳጅ ደግሞ ክፍያ አይጠይቅም፦ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከተዘጋና ቅርፊቱ ከወደቀ በኋላ በአውራ ጣት በቀን ሁለት ጊዜ 5 ደቂቃ በክብና ወደ ላይ ወደ ታች ያድርጉት።

አንድ ባት ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ትኩሳት 38 ካለፈ ወይም ቁስሉ ዙሪያ ቀልቶ ከጋለ ቀጠሮውን ሰርዘው ወዲያው ሕክምና ይሂዱ። የደም መርጋት ካለ ማሸት የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል።

ለመጀመሪያው ቀን ደግሞ ሰው ይዘው ይሂዱ። መጭመቂያው ልብስ ሲወልቅ ደም በድንገት ወደ ታች ስለሚወርድ ብዙዎች ያዞራቸዋል፣ የሚወድቁም አሉ። በልተውና ውሃ ጠጥተው ይሂዱ፣ ልብሱን ተጋድመው ያውልቁ፣ ማሳጁ ሲያልቅም ከአልጋው ሳይነሱ መልሰው ይልበሱት።