የእንጨት ሰደፍ ላለው ጠመንጃ ባለሙያ ለምትፈልጉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ኮሎራዶ ለምትኖሩ፣ አደን ለምትወዱ ወገኖች ነው የምጽፈው። ቤታችሁ የእንጨት ሰደፍ ያለው የቆየ ጠመንጃ ካለና በእምነት የምትሰጡት ባለሙያ ካጣችሁ፣ እኔ አንድ ሰው አግኝቻለሁ። ከዴንቨር ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ ከቤታቸው ጀርባ ባለች ጋራዥ ውስጥ ብቻቸውን የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ መለጠፍ አልፈልግም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ወዲያው እልክላችኋለሁ።

የኔ ጠመንጃ ዊንቸስተር ሞዴል 70 ነው፤ ጥይቱ 30-06። የሥራ ባልደረባዬ ጡረታ ሲወጡ ነው የሸጡልኝ። ኮሎራዶ ውስጥ ሁለት ግለሰቦች ሲገበያዩም የገዢው የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍ አለበት፤ እኛም እንደዚያው አደረግን። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1936 ነው የወጣው፤ የሚሠራውም ኮነቲከት ውስጥ ኒው ሄቨን ከተማ ነበር። በ1964 ፋብሪካው ወጪ ለመቀነስ ብሎ አሠራሩን ለወጠ። መጨበጫው ላይ በእጅ ይቀረጽ የነበረው መረብ በማሽን መታተም ጀመረ። ጥይቱን የሚይዘው ረጅም የብረት መንጠቆም ቀረ። ለዚህ ነው ከ1964 በፊት የተሠሩትን ሰው እስከ ዛሬ እያሰሰ የሚገዛቸው።

መንጠቆው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ስታቀባብሉ ጥይቱ ከካርታው (ከጥይት መያዣው) እንደወጣ ቂጡን ይይዘዋል፤ ተተኩሶ ቀለሁ እስኪወጣ ድረስም አይለቀውም። ጠመንጃውን አጋድማችሁም ሆነ ገልብጣችሁ ብታቀባብሉ ጥይቱ አይወድቅም። ሐሳቡ የመጣው ከጀርመኑ የ1898 ማውዘር ነው። አገር ቤት ቤልጅግ የምንለው የቤልጅየሙ ጠመንጃም ከዚያው ዘር ነው። እኔ ያደግሁት የአያቴ ቤልጅግ ከምሰሶ ላይ ተሰቅሎ እያየሁ ነው። ሞዴል 70ን መጀመሪያ አንስቼ ቃታውን (የሚያቀባብለውን የብረት ዘንግ ማለቴ ነው) ስስበው እጄ ያወቀው መሰለኝ። ፍቅሩም ከዚያ ነው የጀመረው።

ባለፈው የአደን ወቅት ሚከር አካባቢ ካለው ተራራ ተመልሼ ሳጸዳው፣ ከቃታው ጀርባ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አየሁ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ሱቅ (ስሙ ይቅር) ሳይፈታው ነው የፈረደበት። «እንጨቱን ጣለውና ፕላስቲክ ሰደፍ ግዛ» አለኝ፤ ዋጋውንም ጠራልኝ። ፕላስቲክ ሰደፍ መጥፎ ነው አልልም። እንጨት እርጥበት ይስባል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም የተስተካከለ ማነጣጠሪያን ያዛባል፤ ፕላስቲክ ይህ ችግር የለበትም። ዝናብ በማያቋርጥበት አገር ባድን እኔም እሱኑ እይዝ ነበር። ግን ሊጠገን የሚችልን ነገር ሳያዩት ጣለው ማለት አሳዘነኝ።

አዛውንቱ ጋ ስደርስ ከሁሉ በፊት ብሎኖቹን ፈትተው ብረቱን ከእንጨቱ ለዩት። ከዚያ በእጅ ባትሪ እያበሩ ውስጡን አሳዩኝ። ከበርሜሉ ሥር ወደ ታች የወጣ ወፍራም የብረት ጥርስ አለ። ጠመንጃው ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመታውን ኃይል እንጨቱ ላይ የሚያሳርፈው እሱ ነው። ለብዙ ዓመት ሲንጠባጠብ የኖረው የጠመንጃ ዘይት ጥርሱ የሚደገፍበትን እንጨት አጥቁሮ አለስልሶታል። ጥርሱ ድጋፍ ሲያጣ ምቱ ሁሉ ወደ ብረቱ የኋላ ጫፍ ሄደ። ያ ቀጭን ጫፍ እንደ ሽብልቅ እየገባ ነው እንጨቱን የሰነጠቀው። ይህን ሁሉ ስለ ዋጋ አንድ ቃል ሳይናገሩ ነው ያስረዱኝ።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ፤ ያስደነቀኝ እሱ ነው። በአሴቶን የራሰ የጠመኔ ዱቄት እየለጠፉ ዘይቱን ከእንጨቱ ደጋግመው መጠጡት። ስንጥቁን ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ ዘጉት፤ በውስጥ በኩል፣ ከውጭ በማይታይበት ቦታ፣ ቀጭን የናስ ዘንግ አሳለፉበት። የጥርሱን መቀመጫም በኢፖክሲ ሞልተው ልክ በልኩ አሳረፉት። ከኋላው ጫፍ ጀርባ ደግሞ ወረቀት ብቻ የምታልፍበት ክፍተት ተዉ፤ ብረቱ ዳግመኛ እንጨቱን እንዳይገፋው።

ሰደፉ ላይ የነበሩትን ስርጉዶች ያነሱት በእርጥብ ጨርቅና በካውያ ነው። ቆሜ አየሁ። እንፋሎቱ ሲገባ የተጨፈለቀው እንጨት ራሱ አብጦ ይነሳል። ብርጭቆ ወረቀት አጠገቡ አላደረሱም። እንጨቱ ሲፋቅ ከብረቱ በታች ዝቅ ይላል፣ የመጨበጫው መረብም ይጠፋል አሉኝ። ቀለሙም የተልባ ዘይት ነው። በጣም ጥቂት ጠብ አድርገው መዳፋቸው እስኪሞቅ ያሹታል፤ እስኪደርቅ ይተዉታል፤ እንደገና ያሹታል። ዘይት የነካውን ጨርቅ ደግሞ ውጭ ዘርግተው ነው የሚያደርቁት፤ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላልና። እንደዚህ የሚጠነቀቅ ሰው ጋ ንብረቴን ትቼ ስሄድ ልቤ አልተንጠለጠለም።

የብረቱን ጥቁር ሰማያዊ ቀለም እንዲያድሱልኝ ጠይቄ ነበር። እምቢ አሉ። የፋብሪካው ቀለም ከተነሳ የጠመንጃው ዋጋ ይወርዳል፣ ያለ በቂ ምክንያት አላነሳውም አሉኝ። ገንዘብ ሊያገኙበት የሚችሉትን ሥራ ነው እምቢ ያሉት።

ስረከበው እንጨቱን አላወቅሁትም ብል ማጋነን አይደለም። ብላክ ዋልነት ነው፤ የምሥራቅ አሜሪካ ዛፍ። ከቆሻሻው ሥር ለካ ወደ መጨበጫው የሚታጠፍ ቡናማና ጥቁር መስመር ኖሮበታል። እንዲህ ያለ መስመር ከሌላ ዛፍ አይደገምም። ከባልደረባዬ እጅ የቀሩ ጭረቶችም አሉ፤ እነሱን እንዲተዉልኝ ለምኜ ነው የተዉልኝ። በረዶ በጣለበት ጠዋት ስትይዙት ደግሞ እንጨት እንደ ብረት እጅ አያቃጥልም። ተኩሼ ስሞክረው በ100 ያርድ ላይ ሦስቱም ጥይቶች ከ2 ኢንች ባልበለጠ ክብ ውስጥ አረፉ፤ ኤልክ ለሚባለው ትልቅ አጋዘን አደን ከበቂ በላይ ነው።

ክቡር ሆይ፣ አማርኛ ባያነቡም እዚሁ ላመስግንዎት። እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ።

ለምትሄዱ ጥቂት ነገር ልጨምር። ፈቃድ ያላቸው ባለሙያ ናቸው። መሣሪያውን ሲረከቡ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ፤ ለራሳችሁ ሲመልሱ ግን እንደ አዲስ ግዢ ማጣሪያ አያስፈልግም። ዋጋውን ቀድመው በወረቀት ይሰጣሉ፤ እኔ ላይ አንድ ዶላር አልጨመሩም። ጥይቱን አውጡ፣ ቃታውን ለብቻው አድርጉ፣ በማኅደሩ ይዛችሁ ሂዱ። ቤት ስታስቀምጡትም ካጸዳችሁ በኋላ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጋችሁ አቁሙት፤ ዘይቱ ወደ ሰደፉ አይወርድም። ይህን የመከሩኝ እሳቸው ናቸው።

አይቸኩሉም፣ አትቸኩሉባቸው። ለጥቅምት አደን የምትፈልጉት ከሆነ ከጁን በፊት ውሰዱት። ስትደውሉም ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፤ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል።