ሞተሩ ይግደለኝ፣ ካርትሪጁ ግን ይቅርብኝ፦ ተንጠልጣይ ፊልተር በድንክ ሲክሊድ አኳሪየም ላይ

ድንክ ሲክሊድ (ትናንሽ የጌጥ ዓሦች) በያዘ የ60 ሊትር አኳሪየም፣ ማለትም የዓሣ ገንዳ፣ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል፣ በሰዓት 300 ሊትር ውሃ የሚገፋ ማጣሪያ (ፊልተር) ነው። ከወራት አገልግሎት በኋላም ሞተሩ ድምፁ አይሰማም፣ ሙቀትም አያበዛም። በዚህ በኩል የምለው የለኝም። ጠቤ ከካርትሪጁ ጋር ነው።

ማሸጊያው ላይ «በየአራት ሳምንቱ በአዲስ ይቀይሩ» ይላል። ካርትሪጅ የተባለው ነገር ጥቂት የከሰል ፍርፋሪ የተቋጠረበት ስስ ጨርቅ ነው፤ በፊልተሩ ውስጥ ባክቴሪያ የሚሰፍርበት ሌላ ቦታ የለም። ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ደግሞ በአብዛኛው ነገር ላይ ተጣብቀው እንጂ ውሃ ውስጥ ተንሳፍፈው አይኖሩም። መመሪያውን የተከተለ ሰው እንግዲህ በየወሩ ፋብሪካውን ከነሠራተኛው ይጥላል ማለት ነው።

ሻጩ ምን እንደሚል አውቃለሁ፦ «ባክቴሪያው እኮ አሸዋው ላይም አለ!» አለ፣ ማን ካደ? ግን ድንክ ሲክሊድ አሸዋ በአፉ እያነሳ በስንጥቡ ስለሚያጣራ የሚነጠፍለት ደቃቅ አሸዋ ነው፤ በደቃቅ አሸዋ ውስጥ ውሃ እንደልቡ አይዘዋወርም፤ የሚሠራው የላይኛው ስስ ንጣፍ ብቻ ነው። የእነዚህ ዓሦች ውሃ ለስላሳና አሲዳማ መሆኑም ነገሩን ያባብሰዋል። ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው) ከ7 ሲወርድ አብዛኛው አሞኒያ ጉዳቱ ወደሚቀለው አሞኒየም ስለሚለወጥ በዚያ በኩል እፎይታ አለ። ናይትራይት ግን በተቃራኒው ነው፤ ክሎራይድ ያነሰበት ለስላሳ ውሃ ውስጥ በስንጥብ በኩል ወደ ደም በቀላሉ ይገባል። በአሲዳማ ውሃ ባክቴሪያው የሚራባው በዝግታ ስለሆነ የተጣለውን ለመተካት ሳምንታት ይፈጃል።

የናይትራይት ጉዳት ምልክቱን መጀመሪያ የሚያሳየው ራሚሬዚ የሚባለው ድንክ ሲክሊድ ነው። የጀርባ ክንፉን የፊት ጥቁር እሾሆች ማቆም ይተዋል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ከውሃው ገጽ ሥር ቆሞ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ይህ ሲታይ ዕለቱኑ ግማሹን ውሃ ሙቀቱ በተስተካከለና ክሎሪኑ በተወገደለት ውሃ መተካት፣ ምግብ ማቆም፣ ከዚያ ናይትራይት መለካት ነው። ከ0 በላይ የሆነ ማንኛውም ቁጥር ችግር አለ ማለት ነው።

«ከሰሉስ?» ይባል ይሆናል። ከሰሉ በጥቂት ሳምንት ይሞላል። እስኪሞላም ለአፒስቶግራማ (ሌላው የድንክ ሲክሊድ ወገን) ተብሎ የገባው የደረቀ ቅጠል የሰጠውን ቡናማ ቀለም ይመጥጣል፤ መድኃኒት ከተጨመረም መድኃኒቱን።

መፍትሔው ርካሽ መሆኑ ነው የበለጠ የሚያናድደኝ። ቀዳዳው መካከለኛ የሆነ የአኳሪየም ስፖንጅ ካርትሪጁ ከሚገባበት የፊልተሩ ክፍል ስፋት በ5 ሚሊሜትር አስበልጣችሁ ቁረጡ፤ ልክ በልክ ከተቆረጠ ውሃው በጎን ሾልኮ ያልፋል። አሮጌውን ካርትሪጅ በምላጭ ሰንጥቃችሁ ከሰሉን አራግፉና ጨርቁን ከስፖንጁ ጎን ከ4 እስከ 6 ሳምንት አቆዩት፤ ባክቴሪያው እስኪሻገር ነው። ቦታ ከተረፈ ባክቴሪያ የሚሰፍርበት ሴራሚክ በመረብ ከረጢት ይግባ። ስፖንጁ የሚታጠበው ቀን ተቆጥሮ ሳይሆን ፍሰቱ ሲደክም ነው፤ ያውም ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ አድርጎ። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ እንዳይነካው።

መምጠጫ ቱቦው ሌላ ጣጣ አለው። ካካቱኦይደስ የተባለው አፒስቶግራማ እናት ቢጫ ለብሳ ጫጩቶቿን ይዛ ከዋሻዋ ስትወጣ፣ የቱቦው ክፍተቶች ጥቂት ሚሊሜትር ለሆነ ጫጩት በር ናቸው። አንድ ቁራጭ ስፖንጅ መሃሉን ወግቶ ቱቦው ላይ መሰካት ይበቃል፤ ግን በየሳምንቱ ይታጠብ፤ ከተደፈነ ሞተሩ ውሃ ያጣል። ፍሰቱም እስከ ግማሽ ይቀነስ፤ ድንክ ሲክሊድ ወራጅ ውሃ አይወድም።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የአኳሪየሙ ውሃ ከጎደለ ሞተሩ ደረቁን ይሽከረከራል። ስለዚህ ውሃው ከጠርዙ ከ2 ሳንቲሜትር በላይ እንዳይወርድ፤ ካልሳበም አንድ ኩባያ ውሃ የፊልተሩ ክፍል ውስጥ መጨመር ነው።

ይህን ሁሉ ብዬም ሌላ ብገዛ ይህንኑ ነው የምገዛው፤ በዚህ መጠን እንዲህ ጸጥ ያለ ሞተር ማግኘት ቀላል አይደለም። በጥቅል የሚሸጠውን መለዋወጫ ካርትሪጅ ግን አትንኩት፤ በዚያ ገንዘብ የናይትራይት መለኪያ ጠብታ ግዙበት።